ምስክር ያጣ ቁስል

«የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳ» ይላሉ አበው። አባባሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ግማሽ እውነት ነው። የተወጋው አለመርሳቱ ብቻውን ለቁስሉ ዕውቅና አያስገኝለትም። ቁስል ዕውቅና የሚያገኘው ያየው፣ ያከመውና የመዘገበው ሌላ ሰው ሲኖር ነው። ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው ቁስል በሕግ ፊት ወሬ ነው፤ በጎረቤት ዘንድ ትካዜ ነው፤ በታሪክ ዘንድ ደግሞ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

በጦር ሜዳ ለቆሰለ ወታደር እንዲህ ያለ ምስክር አብዛኛውን ጊዜ አይታጣም። አዛዡ ያውቀዋል፤ አብሮት የተሰለፈው ጓድ ተሸክሞ ያወጣዋል፤ የወገን ሐኪም ያክመዋል፤ በሆስፒታል ካርድ ይወጣለታል። የተማረከው ወታደር ግን ከዚህ ሰንሰለት ተቆርጦ ይወጣል። በወገን መዝገብ ላይ የደረሰበት ያልታወቀ ተብሎ ይጻፋል። ቁስሉን ያየው ጠላት ነው፤ ያከመው ወይም ሳያክም የተወው ጠላት ነው፤ የጽሑፍ ማስረጃ ቢኖር እንኳ ያለው በጠላት እጅ ነው። በግዞት ቤት የተቀጠቀጠ ጎን፣ ያለ ሐኪም የገጠመ አጥንት፣ በወባና በተቅማጥ የደቀቀ ሰውነት፣ ሌሊት የሚያባንን ቅዠት ሁሉ የሆስፒታል ካርድ የሌላቸው ጉዳቶች ናቸው።

ይህ ሰው አንድ ቀን ወደ ቀዬው ይመለሳል። ቀዬው ከደሴ ሠፈሮች አንዱ፣ ቧንቧ ውሃ ይሁን፤ ወይም የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ በቦርከና ዳር የሚገኘው ኮምቦልቻ ይሁን። መጀመሪያ እልልታ አለ። ከእልልታው በኋላ ዓመታት ያልፋሉ። ጉልበት ሲደክም አሮጌው ጉዳት ይነሣል፤ ሰውየውም ማመልከቻ አስጽፎ ከአንድ ጽሕፈት ቤት በር ይቆማል። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሠራተኛ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። የሚጠይቀው መመሪያው የሚያዘውን ነው፦ «መቼ ቆሰሉ? የት? ማን አከመዎት? ማስረጃ ይዘዋል?» ለአራቱም ጥያቄዎች የምርኮኛው መልስ አንድ ነው፤ እርሱም ገላው ነው። ገላ ግን ማኅተም የለውም።

እንግዲህ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። ዘግይቶ ዕውቅና የሚጠይቅ ምርኮኛ በመጀመሪያ የሚፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ምስክር ነው። የኢትዮጵያ የቅርብ ዘመን ታሪክ በዚህ ረገድ ብዙ የሚያስተምረው አለ፤ ትምህርቱም ከዚያችው ከደሴ ይጀምራል።

* * *

ምስክር ያገኘ ቁስል ምን እንደሚመስል ለማወቅ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በደሴ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ጠቅላይ ሠፈራቸውን በደሴ ካደረጉ ገና ጥቂት ቀናት ብቻ ነበሩ። በዚያ ቀን የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በጦሳ ግርጌ በተቀመጠችው ከተማ ላይ ቦምብ አዘነቡ። የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ያስተዳድረው የነበረው ሆስፒታል ተመታ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ድንኳኖችም ከጥቃቱ አልዳኑም። ማኅበሩ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ገና አምስት ወር ያልሞላው ድርጅት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በፀረ አውሮፕላን መሣሪያ አጠገብ ሆነው የሚታዩበት ፎቶግራፍ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ በዓለም ተሠራጭቷል።

በዚያ ቀን በደሴ የውጭ አገር ሐኪሞችና ጋዜጠኞች ነበሩ። ሐኪሞቹ ያዩትን በፊርማቸው አረጋግጠው ተቃውሟቸውን በቴሌግራም ወደ ጄኔቭ አስተላለፉ። ጋዜጠኞቹም ዘገባቸውን ላኩ። ወራሪው መንግሥት የቀይ መስቀል ምልክት ያለ አግባብ ተሠርቶበታል ብሎ ተከራከረ እንጂ ደሴን አልደበደብሁም ለማለት አልቻለም። ለመካድ ያልቻለው ከጸጸት የተነሣ አልነበረም፤ ቁስሉ በደረሰበት ሰዓት ብዕር የያዘ ሰው በቦታው ስለነበረ ነው።

ይሁንና በዚህም ውስጥ አንድ ጉድለት አለ። ዓለም ያወቀው ሆስፒታሉ መመታቱን ነው። የቆሰለው የደሴ ሰው፣ ጎጆው የተቃጠለበት ባለ ቤት፣ ልጇን ያጣች እናት ግን በስማቸው እንደ ፎቶግራፉ በዓለም አልታወቁም። የቦታው ቁስል ምስክር ሲያገኝ የሰውየው ቁስል ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህ ጉድለት በኋላ ዘመን ደጋግሞ ሲታይ ይገኛል።

* * *

ደሴ ከተደበደበች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከዚያ የከፋው መጣ። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በተከዜ ግንባር የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊት በመርዝ ጋዝ ተመታ። ራስ እምሩ ከዓመታት በኋላ በሰጡት ምስክርነት እንደገለጹት፣ ከአውሮፕላን የተጣሉት በርሜል መሰል ነገሮች ነበሩ፤ ሲፈነዱ የሚወጣው ፈሳሽ የነካው ሰው ገላው ይላጥ፣ ዓይኑ ይታወር ነበር። ምን እንደሆነ ግን በጊዜው ያወቀ አልነበረም። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቭ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1928 አጽድቃ ነበር፤ ስለዚህ የምትሠራው ወንጀል መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። በዚህም ምክንያት ቁስሉን መካድ የጦርነቱ አንድ ክፍል ሆነ።

ምስክርስ አልነበረም ወይ? ነበር። የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑክ የነበሩት ዶክተር ማርሴል ዡኖ በኮረም አካባቢ በጋዝ የተቃጠሉትን ሰዎች በዓይናቸው አይተዋል። ሆኖም የመንግሥታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጋዙ ያለውን መረጃ እንዲሰጥ ኮሚቴውን ሲጠይቅ፣ ኮሚቴው ገለልተኛነቱን ምክንያት አድርጎ ሳይሰጥ ቀረ። ዡኖ ያዩትን በመጽሐፍ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1947፣ ጦርነቱ ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ስለ ጋዙ ሲናገሩ የዓለም ጆሮ ሰማ፤ እጁ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ በኋላ የክህደት ዘመን ረዘመ። ኢጣሊያዊው ጋዜጠኛና የታሪክ ጸሐፊ አንጄሎ ዴል ቦካ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የራስ እምሩንና የሌሎችን ምስክርነት ሰብስቦ፣ ሰነድ አገላብጦ ሲጽፍ በገዛ አገሩ እንደ ከሐዲ ተቆጠረ። ራሱ በኢትዮጵያ የዘመተው ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ጋዝ አልተጣለም ብሎ ለብዙ ዓመታት ተከራከረ። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስትር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመኑት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ሞንታኔሊም ያን ጊዜ መሳሳቱን ተቀበለ። ከተከዜ እስከዚህች ዕለት ስልሳ ዓመት አለፈ። በተከዜ ዳር በሃያ ዓመቱ የተቃጠለ ጎልማሳ በሕይወት ቢቆይ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ሆኖ ነው «እውነትህን ነበር» የሚባለው። ስንቱ ቆይቶ ሰማው? ለአብዛኛው ዕውቅናው የደረሰው ከመቃብሩ በኋላ ነው።

ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ከነበሩት ወጣቶች አንዱ በኋላ ዘመን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ የሆኑት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ራስ እምሩ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ሆነው በምዕራብ ኢትዮጵያ ሲዋጉ ቆይተው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተያዙ። ከዚያም ሐዲስን ጨምሮ ወደ ኢጣሊያ ተግዘው በደሴቶች ላይ ለዓመታት ታሰሩ። የታሪክ ምፀት አይጎድልምና፣ ራስ እምሩ ወደታሰሩባት ወደ ፖንዛ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1943 ራሱ ሙሶሊኒ እስረኛ ሆኖ ተወሰደ። ሐዲስ ከግዞት ተፈትተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ የያዙት የማይታይ ሀብት ትዝታቸው ነበር። በኋላ ዘመን ያንኑ ትዝታ በዚሁ ርዕስ መጽሐፍ አድርገው ለትውልድ አቀረቡት። እዚህ ላይ ምርኮኛው ሌላ ምስክር ሲያጣ ራሱ ብዕር አንሥቶ ምስክር እንደሆነ ይታያል። ግን ስንቱ ምርኮኛ ደራሲ ነው?

* * *

ደራሲ ያልሆኑት በዳናኔ ነበሩ። በኢጣሊያ ሶማሊያ ጠረፍ ከሞቃዲሾ አቅራቢያ ይገኝ በነበረው በዚህ ግዞት ቤት፣ በቀይ ባሕር በኖክራ ደሴት፣ በሰርዲኒያ አጠገብ ባለችው በአዚናራ ኢትዮጵያውያን በብዛት ታጉረዋል። በዳናኔ ታስረው የነበሩት ሚካኤል ተሰማ ከነፃነት በኋላ በመሐላ በሰጡት ቃል፣ ወደዚያ ከተወሰዱት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ በምግብ ጉድለት፣ በተበከለ ውሃ፣ በወባና በተቅማጥ መሞታቸውን መስክረዋል። ይህን ቃል የኢትዮጵያ ፍርድ ሚኒስቴር የኢጣሊያን የጦር ወንጀሎች አስመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1950 ባሳተማቸው የሰነድ ጥራዞች ውስጥ ከሌሎች የመሐላ ቃሎች ጋር አውጥቶታል።

የእነዚያ ጥራዞች ዋጋ ሊጋነን አይችልም። አንድ የተሸነፈ የሚመስል ሕዝብ፣ ፋይሉን ጠላት ባቃጠለበት ወይም ይዞት በሄደበት ሁኔታ፣ ከሕያዋን አፍ ማስረጃ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። ቀን፣ ቦታ፣ የግዞት ቤቱ ስም፣ የሟቾች ቁጥር፣ የተናጋሪው ፊርማ፤ ከዚህ በላይ ሥነ ጽሑፋዊ ጌጥ አላስፈለገም። እውነት በዝርዝር ሲነገር የራሱ ክብደት አለው።

ሆኖም ይህ ማስረጃ የት ደረሰ? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1946 በፓሪስ የሰላም ጉባኤ ላይ ባቀረበችው የጉዳት ዝርዝር 760,300 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቃለች። ዝርዝሩ ሰባት ክፍሎች አሉት፦ በጦር ሜዳ የወደቁ 275,000፣ በወረራው ዘመን በውጊያ የወደቁ አርበኞች 78,500፣ በቦምብ የተገደሉ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሌሎች 17,800፣ በየካቲት 12 እልቂት የተገደሉ 30,000፣ በችሎት ተፈርዶባቸው የተገደሉ አርበኞች 24,000፣ በግዞት ቤት የሞቱ 35,000፣ መንደራቸው ጠፍቶ በችጋር የሞቱ 300,000። አንባቢ ልብ ይበል፤ ሰባቱም ክፍሎች የሟቾች ናቸው። ቆስሎ የተረፈ፣ ታስሮ የተመለሰ፣ ታውሮ የቀረ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ዐምድ የለውም። ሙታን ተቆጠሩ፤ ሕያው ቁስለኛ ግን ከቁጥር ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ወሰነ። ጉዳዩ ከብዙ ድርድር በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 በ16.3 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ፤ በዚያም ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠራ። ግድቡ አገርን የጠቀመ ሥራ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን በጋዝ የታወረው ሰው የቆቃ መብራት ሲበራ አላየውም። ካሳው ለመንግሥት ተከፈለ፤ ዕውቅናው ለሰውየው አልተሰጠም። በሌላም በኩል ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1948 ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ካቀረበቻቸው አሥር ተከሳሾች አንዱ እንኳ በኢትዮጵያ ላይ በሠራው ግፍ ለፍርድ አልቀረበም። ግራዚያኒ በአገሩ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በአፊሌ ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። ለወጊው ሐውልት ሲቆም ለተወጋው የስም ዝርዝር እንኳ አልተሟላም።

* * *

ከነፃነት በኋላ የመጡትም ጦርነቶች ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ መልሰው አቅርበዋል። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በኦጋዴን በተደረገው ጦርነት የተማረኩ ኢትዮጵያውያን ለአሥር ዓመት ያህል በሶማሊያ እስር ቤቶች ማቀዋል። ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. ከተስማሙ በኋላ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በቀይ መስቀል አማካይነት ምርኮኞች ተለዋወጡ። ከተመለሱት አንዱ ዝነኛው ተዋጊ አብራሪ ለገሠ ተፈራ ነበሩ፤ አገሪቱም ከፍተኛ የተባለውን የጀግንነት ሜዳይ ሰጥታቸዋለች። ይህ ተገቢ ነው። ግን የለገሠ ጀብዱ ከመማረካቸው በፊት በአየር ላይ የተፈጸመ፣ በወገን መዝገብ ላይ የሠፈረ ነበር። ስሙ ሳይታወቅ ዘምቶ፣ ስሙ ሳይታወቅ ተማርኮ፣ ሕመሙን ይዞ ስለተመለሰው ተራ እግረኛ ምን ይባላል? መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲለወጥና የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ማመልከቻውን የሚቀበለው ክፍል ራሱ ጠፋ። የቆሰለለት መንግሥት ሄደ፤ የቆሰለላት አገር ግን አልሄደችም። በዚህ መካከል ብዙ ሰው በዝምታ አረጀ።

በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት ደግሞ የምርኮኞችን ጉዳት ወደ ዓለም አቀፍ ዳኝነት አደረሰው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት መሠረት መቀመጫውን በሄግ ያደረገ የካሳ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ሰኔ 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ስለ ጦር ምርኮኞች ሁለት ውሳኔዎች ሰጠ። ኤርትራ በባሬንቱ፣ በእምባትካላ፣ በዲግዲግታና በአፍዓበት ኢትዮጵያውያንን ለጤና በማይበጅ ሁኔታ በማጎር፣ በካምፖቿ በመደብደብና በማንገላታት፣ በቂ ሕክምና ባለመስጠትና ቀይ መስቀል እስከ ነሐሴ 1992 ዓ.ም. ድረስ እንዳይጎበኛቸው በመከልከል ተጠያቂ ሆነች። ኢትዮጵያም ኤርትራውያን ምርኮኞች ጫማቸውን ተነጥቀው በባዶ እግራቸው እንዲጓዙ በመደረጋቸው፣ ምግባቸው በቂ ባለመሆኑና መልቀቂያቸው በመዘግየቱ ተጠያቂ ሆናለች። እውነት ለሁለቱም ወገን ምርኮኛ አንድ ናትና ይህም መነገር አለበት።

የዚህ ዳኝነት መሠረት ምን ነበር? ከግዞት የተመለሱ ሰዎች የሰጡት የጽሑፍ ምስክርነት ነበር። ኮሚሽኑ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ምርኮኞችን ሲጎበኝ ያዘጋጃቸው ዘገባዎች እንዲቀርቡለት ፈልጎ ነበር፤ ኮሚቴው ግን የምስጢር ጠባቂነት መርሑን ጠቅሶ አልፈቀደም። ከስልሳ ሰባት ዓመት በፊት በጋዙ ጊዜ የሆነው እንደገና ሆነ። የኮሚቴው ምክንያት ሊናቅ አይገባም፤ ያየሁትን ለፍርድ ቤት እሰጣለሁ ቢል የብዙ እስር ቤት በር ይዘጋበታል። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ የውጭ ምስክር በሚያስፈልግበት ሰዓት ዝም ሊል ይችላል፤ የራስ ምስክር መዘጋጀት አለበት።

ውሳኔው ሌላም ገጽታ ነበረው። ኮሚሽኑ የመረመረው በአንድ ሰው ላይ የደረሰውን በደል ሳይሆን ተደጋግሞና ተስፋፍቶ ብዙዎችን የጎዳውን ነው። የካሳው ባለ መብትም መንግሥት እንጂ ግለሰቡ ምርኮኛ አልነበረም። ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በተሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ ለኢትዮጵያ ከምርኮኞች ሌላ ያሉትን ጉዳቶች ጨምሮ 174 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ለኤርትራ ደግሞ 163 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ያህል ተፈረደ። ሁለቱም ግን አልተከፋፈሉም። ስለዚህ በአፍዓበት ጎኑ የተሰበረው ሰው ጉዳት በሄግ እውነት መሆኑ ታወቀ፤ በስሙ ግን አልታወቀም። ከቆቃ ግድብ ወደ ሄግ ውሳኔ ሲመጣ ሕጉ ብዙ ተራምዷል፤ ወደ ሰውየው በር ግን አልደረሰም።

* * *

አንድ ሰው «ታዲያ ገንዘቡ ካልተከፈለ ዕውቅና ምን ይጠቅማል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የዚህ መልስ ከምርኮኛው አኗኗር ይገኛል። ከግዞት የተመለሰ ሰው ከቁስሉ በላይ የሚያመው ጥርጣሬ ነው። «ለምን ተማረክህ? ሌላው ሲሞት አንተ እንዴት ተረፍህ?» የሚለው ጥያቄ በአፍ ባይነገርም በዓይን ይነገራል። ጀግንነትን በሞትና በድል ብቻ የሚለካ ልማድ ለምርኮኛው ቦታ የለውም። ዕውቅና ማለት እንግዲህ ይህን ጥርጣሬ ማንሣት ነው፤ ሰውየው በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ለዚህች አገር ሲል ይህ ጉዳት ደረሰበት ብሎ በሰው ፊት መናገር ነው። የሐኪሞች ቦርድ ወረቀትም፣ የጡረታ አበልም፣ ሜዳይም ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ያለ እርሱ ሲመጡ ምጽዋት ይመስላሉ።

የደሴና የኮምቦልቻ ሕዝብ ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ወራት ሁለቱ ከተሞች ጦርነት በደጃቸው አልፎ ሳይሆን በመሐላቸው ገብቶ አይተዋል፤ የደሴ ሆስፒታልም ተዘርፏል። ሆስፒታል ሲዘረፍ አደጋ ላይ የሚወድቀው አልጋና መድኃኒት ብቻ አይደለም። ካርድ ክፍሉም አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ካርድ በጠፋ ቁጥር ደግሞ ነገ ዕውቅና የሚጠይቅ አንድ ቁስለኛ ምስክሩን ያጣል። ከዚያ ጦርነት በቁስል ወይም በምርኮ የተመለሰው ሰው ዛሬ ትዝታው ትኩስ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ ከአንድ ጠረጴዛ ፊት እንዳይንከራተት የሚያደርገው ዛሬ የሚጻፍለት ወረቀት ነው። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ተግባሩ ከሩቅ አይፈለግም። በቀበሌ አገልግሎት ላይ የተመደበው ካድሬ ለስብሰባ የሚጠቀምበትን መዝገብ አንድ ጊዜ ለሌላ ሥራ ሊያውለው ይችላል። በቧንቧ ውሃ፣ በሆጤ፣ በሰኞ ገበያ፣ በሮቢት ከግዞት የተመለሰ ማን እንዳለ ይጠይቅ፤ የዘመተበትን ክፍል፣ የተማረከበትን ቀንና ቦታ፣ የታሰረበትን ካምፕ ስም፣ የደረሰበትን ጉዳት፣ አብሮት የነበረውንና በሕይወት ያለውን ሰው ስም ይመዝግብ፤ በሁለት ምስክሮች ፊት ያስፈርም። በግዞት ሳለ ቀይ መስቀል የጎበኘውና የመዘገበው ምርኮኛ ደግሞ የምርኮኝነት ማረጋገጫ ከኮሚቴው መጠየቅ እንደሚችል ይንገረው፤ ይህን መብት የማያውቅ ብዙ ነው።

መምህሩም የሚሠራው አለ። ለተማሪዎቹ ስለ ጦርነት ድርሰት እንዲጽፉ ሲያዝ፣ ያላዩትን የአድዋ ፈረስ እንዲስሉ ብቻ ከማድረግ ይልቅ ወደ አያታቸው ወይም ወደ ጎረቤታቸው ሄደው የሰሙትን ቃል በቃል እንዲጽፉ ቢያደርግ በአንድ ዓመት ውስጥ የአንድ ክፍል ደብተር የአንድ ሠፈር ታሪክ ይሆናል። ተማሪው ሊማር የሚገባው የመጀመሪያ ነገር የተናጋሪውን ቃል አለማሳመር ነው። አረጋዊው «አላስታውስም» ካሉ «አላስታውስም» ተብሎ ይጻፍ፤ ምስክርነት በማሳመር አይጸናም፣ ይፈርሳል እንጂ።

የኪነ ጥበብ ሰው ኃላፊነት ከሁሉ ይከብዳል። ቲያትራችንና ዘፈናችን ለወደቀው ሙሾ፣ ለአሸነፈው ፉከራ አላቸው። ለተማረከው ግን ብዙ ዜማ የላቸውም። በአንድ ጊዜ ጀግናም ተሸናፊም የሆነ፣ ሳይሞት የሞተ፣ ሲመለስ ቤቱን እንደ እንግዳ የሚያንኳኳ ሰው ለመድረክ የሚመች ገጸ ባሕርይ እንዳልሆነ ተደርጎ ታልፏል። ይህ የሥነ ጥበብ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ከጠረጴዛው ማዶ የቆመውን ሰው ለማመን የሚቸገረው እንዲህ ያለ ሰው በልቦለድም ሆነ በመድረክ አይቶ ስለማያውቅ ጭምር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የጀመሩት መንገድ ተከታይ ይፈልጋል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ቃል የመላው ነገር ማሰሪያ ነው። በጦሳ ራስ ላይ የሚወርደው ዝናም ብዙ ነው፤ ግን አብዛኛው በየሸለቆው ፈስሶ ወደ ቦርከና ይሄዳል። ለሰው ጥም የሚደርሰው በቧንቧ የተያዘው ነው። ከደሴ ሠፈሮች አንዱ ስሙን ያገኘው ከቧንቧ ውሃ መሆኑ ለዚህ ጉዳይ የተመረጠ ምሳሌ ይመስላል። የተመላሽ ምርኮኞች ትዝታም እንዲሁ ነው፤ በየቡናው ላይ፣ በየለቅሶው ቤት፣ በየበረንዳው ሲነገር ኖሮ ባለቤቱ ሲያልፍ አብሮት የሚፈስ ውሃ ነው። ቧንቧው ወረቀት፣ ፊርማና ምስክር ነው። እርሱን ለመዘርጋት ከሄግ ፍርድ፣ ከሮማ ይቅርታ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ደብተር፣ አንድ ብዕርና ለመስማት የተዘጋጀ አንድ ሰው ይበቃል፤ አረጋውያኑም ገና በሕይወት አሉ።